ቢጫው ቀሚስ ሲዞር

አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ፣ አንድ እጁን ጓንት ውስጥ አስገብቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እናቴ ጥቁር ጫማዋን ተጫምታ፣ መስታወቱ ፊት ለፊት ሆና የኮቷን ቁልፍ ትቆልፍ ነበር። ወንድሜ መስፍን ጠረጴዛው ስር ገብቶ አንድ እግር ጫማውን ይፈልግ ነበር። እኔ የትያትር ቤቱን ፖስታ በእጄ ይዤ፣ ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ወርቅነህ ደግሞ፣ በረዶ ትከሻቸው ላይ እንዳረፈ፣ የወረቀት ከረጢት በሁለት እጃቸው አቅፈው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ልትወጡ ነበር እንዴ?» አሉ።

ይህችን ቅዳሜ የመለሰብኝ የጡሩምባ ድምፅ ነው። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ሳሮን ቤቴ መጥታ፣ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ «አያቴ፣ ይህን ይስሙት፤ ያ የድሮው የአሜሪካኖች ሾው ተመልሶ መጥቷል» አለችኝ። መጀመሪያ ሦስት ጡሩምባዎች፣ ከዚያ ቫዮሊኖቹ፣ ከዚያ ከበሮው ተከታትለው መጡ። ሻይ እየቀዳሁ ነበርና ቀድቼ ጨረስኩ፤ ከዚያ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁት። አባቴ ለጋሼ ወርቅነህ የሰጣቸውን መልስ ከመናገሬ በፊት፣ እዚያ ደጃፍ ላይ እንዴት እንደደረስን ልናገር።

በልጅነቴ ከአሜሪካ የሚመጡ ትልልቅ ሙዚቃዊ ትያትሮች በለንደን መሀል ከተማ ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዶቹም ሦስትና አራት ዓመት ሳያቋርጡ ይታዩ ነበር። ሰው በወሬ መካከል ተነሥቶ የሚዘፍንበት፣ ገበሬውም ዘዋሪ ነጋዴውም የሚጨፍርበት፣ መጨረሻው ሠርግ የሆነ ትያትር ነው። አባቴ ከእነዚህ አንዱ በሚታይበት ቤት ልብስ ሰፊ ነበር። ወደ ለንደን የመጣው ከአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር ሲሆን፣ ዲፕሎማቱ አገሩ ሲገባ እሱ መርፌውን ይዞ ቀረ፤ እኔ ሰባት፣ መስፍን ሁለት ዓመት ሲሆነን እናቴ እኛን ይዛ ተከተለችው። ስቶክዌል ውስጥ አንዲት አይሪሽ ባልቴት ባከራዩን ሁለት ክፍል እንኖር ነበር።

የአባቴ የሥራ ክፍል ከመድረኩ በታች ስለነበር፣ ትያትሩን አንድ ቀን እንኳ አላየውም። ጠዋት ገብቶ፣ የተቀደደውን ጠቅሞ፣ ቁልፍ የረገፈበትን ተክሎ፣ የማታው ትርኢት ሳይጀመር ይወጣ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ግን የቀን ትርኢት ስለሚኖር፣ ሙዚቃውን በጣሪያው በኩል ይሰማው ነበርና ዜማዎቹን ሁሉ በቃሉ ያዛቸው። ቃላቱ ወደታች ሲወርዱ ስለማይሰሙት፣ ቤት መጥቶ በራሱ ቃል ይዘፍናቸው ነበር። የሁለቱ ፍቅረኞች ትልቁ ዜማ በእኛ ቤት ስለጠፋ መቀስ የሚናገር ነበር። እኔ አሥር ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ፣ ያ ሁሉ ፈረንጅ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ስለ መቀስ ለመስማት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ አባቴ አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ውስጡ ቢጫ ጨርቅ ነበር። ዋናዋ ተዋናይት በጭፈራው ላይ የምትለብሰው ቀሚስ ከመታጠብና ከመጣፍ ብዛት አልቆ ስለነበር አዲስ ተቆርጦላት፣ የልብስ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሴትዮም የእናቴን የእጅ ስፌት አይተው ያውቁ ነበርና፣ ዘርፉን እሷ ቤቷ ትዘምዝመው ብለው ላኩት። የዚያ ቀሚስ ዘርፍ ማለቂያ አልነበረውም። ሲዘረጋ አልጋውን ዞሮ፣ በጠረጴዛው ስር አልፎ እስከ በሩ ይደርስ ስለነበር፣ እኔና መስፍን ሁለት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን ታክከን እንሄድ ነበር።

ጠቡ የመጣው ከጥብጣብ ነው። እናቴ ተዋናይቷ ስትዞር ቀሚሱ እንዲነሣ ከዘርፉ ውስጥ ጠንካራ ጥብጣብ ማስገባት ፈለገች። አባቴ ጥብጣቡ ይከብደዋል፣ እንደ እርጥብ ፎጣ ይንጠለጠላል ብሎ ተከራከራት። በመጨረሻ እናቴ ዝም ስትል አባቴ ያሸነፈ መሰለው፤ እሱ ሥራ ሲሄድ ግን ጥብጣቡን አስገብታ ሰፋችውና፣ ቀሚሱ ከሄደ በኋላ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ በየማታው፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ትጠይቀው ጀመር።

«ስትዞር ይነሣል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አስካለ፣ ከመድረኩ በታች ነው ያለሁት።»

«ጠይቅልኛ።»

«ጠይቄያለሁ። ጥሩ ነው ብለዋል።»

«ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?»

ቲኬት ገዝቶ መግባት ደግሞ አልታሰበም፤ አንድ ጊዜ አባቴ ሐሳቡን ሲያነሣ፣ «የሰፋሁትን ልብስ ለማየት ከፍዬ አልገባም» አለችው። መግቢያው አንድ ብቻ ነበር። ትያትር ቤቱ ለቅዳሜ ቀን ትርኢት ወንበር ሲተርፈው ለሠራተኞቹ ቤተሰብ ያድል ስለነበር፣ አባቴ አልፎ አልፎ ዓርብ ማታ አራት ቲኬት በፖስታ ይዞ ይመጣ ነበር። ትርኢቱ የሚጀመረው በስምንት ሰዓት ተኩል ነው። አባቴ ቅዳሜን እስከ እኩለ ቀን ሠርቶ፣ ቤት መጥቶ ይወስደን ነበር፤ ማለቴ፣ ሊወስደን ይነሣ ነበር።

ጋሼ ወርቅነህ ሃርልስደን ውስጥ ብስኩት ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ነበሩ። ዲፕሎማቱ አባቴን ትቶት በሄደ ጊዜ፣ ሦስት ወር ሙሉ አልጋቸውን ለቀውለት እሳቸው ወለል ላይ ተኝተዋል። ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ቅዳሜ ሲመቻቸው በባቡር እስከ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ ከዚያ በአውቶቡስ እኛ ዘንድ ይመጡና፣ ፋብሪካው ለሠራተኛው የሚሰጠውን የተሰበረ ብስኩት ለእናቴ አስረክበው፣ በአንዲቷ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከአጎታቸው ልጅ ጋር ስለ መሬት ወሰን የተካሰሱትን ክስ ከመጀመሪያው ይጀምሩልን ነበር። ክሱን በቃሌ አውቀው ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ ዳኛው ያነጥሱና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል፤ መስፍን እንኳ ቦታውን ለይቶ፣ ከዳኛው ቀድሞ ያነጥስ ነበር።

ቅዳሜ ሁሉ ቢመጡ ኖሮ እንዘጋጅበት ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ቅዳሜ ቀርተው፣ በአራተኛው፣ ፖስታው በመጣበት ቅዳሜ ይመጡ ነበር። ማን ይነግራቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የመጀመሪያው ጊዜ ቀሚሱ በሄደ በወሩ ነበር። ልክ ልንወጣ ስንል በሩ ተንኳኳና ጋሼ ወርቅነህ ብቅ አሉ። «ልትወጡ ነበር እንዴ?» ሲሉ፣ አባቴ ባርኔጣውን ከአናቱ ላይ ሳያወርድ፣ «ኧረ የትም አንሄድም፤ አሁን መግባቴ ነው፤ ይግቡ» አላቸው። በእኛ ዘንድ ለመጣ እንግዳ «ልንወጣ ነበር» ማለት «ሂድልን» ማለት ነው፤ አልጋውን ለቆ ወለል ላይ ለተኛ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይባልም። እናቴ ኮቷን አውልቃ ወጥ ልታሞቅ ሄደች። እኔ ነጭ ካልሲዬን እንዳደረግሁ ቁጭ ብዬ ክሱን ሰማሁ። ጋሼ ወርቅነህ ካልሲዬን አይተው፣ «አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ፤ ቤት ውስጥም እንዲህ ነው የምትለብሺው?» ብለው ሳቁብኝ። መልስ ነበረኝ፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ግን ልጅ አይመልስም ነበር።

ክረምቱ አልፎ፣ ዛፉ ሁሉ ማበብ ሲጀምር ሁለተኛው ፖስታ መጣ። ያን ጊዜ ጋሼ ወርቅነህ አልመጡም። ያን ጊዜ ያስቀረን አባቴ ራሱ ነው፣ ሁዳዴ ነው ብሎ። በሥራ ቦታው በየቀኑ እንቁላል ያለበት ሳንድዊች እንደሚበላ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሳንድዊቹ ጾም አላፈረሰም፣ ትያትሩ ግን ያፈርሳል።

«ሰው ምን ይላል?» አለ።

«የቱ ሰው?» አለች እናቴ። በዚያን ጊዜ በለንደን የምናውቀው ያገራችን ሰው በሁለት እጅ ጣት ይቆጠር ነበር፤ ሁሉም ትያትር ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው የሚጠብቁን ይመስል አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ቲኬቶቹ ለቤት አከራያችን ለአይሪሿ ባልቴት ተሰጡ። እሳቸው ሲመለሱ እናቴ ደረጃው ላይ ጠብቃ፣ በማትችለው እንግሊዝኛ፣ እጇን እንደ ቀሚስ እያዞረች ጠየቀቻቸው። ባልቴቷ ዘፈኑ ደስ ይላል፣ መነጽሬን ግን ረስቼ ሄጄ ነበር አሏት።

በበጋው፣ ቀኑ ረዝሞ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፣ ሦስተኛው ፖስታ ሲመጣ እናቴ ዘዴ አመጣች። አባቴ ከሥራ ወደ ቤት አይምጣ፤ እኛ ምሳ ሳይደርስ ቀድመን እንውጣና ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ላይ እንገናኝ፣ ከዚያ አብረን በባቡር እንሂድ አለች። ጋሼ ወርቅነህ ቢመጡ ዝግ በር ያገኛሉ፤ ዝግ በር ማንንም አያስቀይምም። ሁሉም እንደታሰበው ሆነ። አባቴን ጣቢያው በር ላይ አገኘነው። እናቴ በዚያ ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ ለመስፍን አይስክሬም ገዛችለት፣ ይህም ያልተለመደ ነገር ነበር። ልክ ወደ ጣቢያው ልንገባ ስንል፣ ጋሼ ወርቅነህ ከውስጥ፣ ከረጢታቸውን አቅፈው ወጡ።

ከባቡር ወርደው አውቶቡስ የሚይዙት እዚያው መሆኑን ረስተነው ነበር። አራታችን በክት ልብሳችን ተሰልፈን ቆመናል። እሳቸው አይተውን ፈገግ አሉ፤ አባቴም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተነፍስ፣ «እርስዎን ልንቀበል ነው የመጣነው» አላቸው። የሰውዬው ዓይን እንባ አቀረረ። ማንም ተቀብሏቸው አያውቅም ነበር መሰለኝ። በአውቶቡስ አብረናቸው ወደ ቤት ተመለስን፤ የመስፍን አይስክሬም በኮታቸው እጅጌ ላይ እየፈሰሰ፣ አውቶቡሱ ከኬኒንግተን ሳያልፍ ክሱ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትያትሩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ መጣ። በረዶ በጣለበት ሳምንት አባቴ የመጨረሻውን ፖስታ ይዞ ገባ፤ ነገ ቀን አንድ ትርኢት፣ ማታ አንድ ትርኢት፣ ከዚያ ልብሱም ዕቃውም ታሽጎ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል አለ። እናቴ ፖስታውን ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝና፣ «አንቺ ያዥው» አለችኝ። ለምን ለእኔ እንደሰጠችኝ አልነገረችኝም። ልጅ ስለሆንኩ ከአፌ የሚያመልጥ ቃል ቢኖር ይቅር ይባልልኛል ብላ ይሆናል።

እንግዲህ በዚያች ቅዳሜ አባቴ በሩ አጠገብ፣ እናቴ መስታወቱ ፊት፣ መስፍን ጠረጴዛው ስር፣ እኔ ሣጥኑ ላይ ነበርን። ጋሼ ወርቅነህ «ልትወጡ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። የፖስታው አንድ ጫፍ ከእጄ ወጥቶ ይታይ ነበር። «አዎ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እናቴም በመስታወቱ ውስጥ ትመለከተኝ ነበር። እንዳልናገር አልከለከለችኝም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ አልከለከለችኝም።

«ኧረ የትም አንሄድም» አለ አባቴ። «ብርድ ነው፤ ይግቡ።»

እኔም ፖስታውን ሣጥኑ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት። እናቴ ቁልፎቿን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ፈታች። ብስኩቱ በሳህን ቀረበ፣ ወጡ ሞቀ፣ ክሱ ተጀመረ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሦስቱ ጡሩምባዎች በሚነፉበት ደቂቃ፣ ዳኛው አነጠሱ። መስፍን በዚያ ቀን አላነጠሰም። ጋሼ ወርቅነህ እስኪሄዱ ድረስ ከሣጥኑ አልተነሣሁም፤ ራት ላይ ሳህኔን እናቴ እዚያው አመጣችልኝ።

ማታ ዕቃ ስታጥብ አባቴ ከኋላዋ ቆሞ፣ «ሌላ ትያትር ይመጣል» አላት።

«ሌላ ቀሚስ ነዋ» አለችው። ሳህን እያለቀለቀች ደግሞ፣ «ሲንቀሳቀስ አላየሁትም» አለች። ከዚያ ወዲያ፣ ስለዚያ ቀሚስ ስትናገር አልሰማኋትም፤ አባቴም ዜማዎቹን ቤት ውስጥ መዝፈን ተወ።

ሁለት ሳምንት አልፎ ጋሼ ወርቅነህ እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ከብስኩቱ ሌላ፣ በገመድ የታሰረ የላምባ ማሞቂያ ከሃርልስደን ድረስ፣ በባቡርም በአውቶቡስም ተሸክመው ነበር። ወለሉ ላይ አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፣ «ታደሰ፣ ኩራትህ ልጆችህን ይጨርሳቸዋል» አሉት። «በመጣሁ ቁጥር ኮት ለብሳችሁ ነው የማገኛችሁ። ቤታችሁ የሚሞቅበት እንደሌለው ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አባቴ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም። ማሞቂያው ሰባት ክረምት አገለገለን፤ የትምህርት ቤት ልብሴ ሁሉ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር።

ይህን ለሳሮን ስነግራት ተናደደች። «ለምን ዝም ብላችሁ አልነገራችኋቸውም? ወይ ለምን ይዛችኋቸው አልሄዳችሁም?» አለችኝ። ቲኬቱ አራት ብቻ ነበር አልኳት። እናቴ ካረፈች ሃያ ዓመት አልፏል፤ አባቴና ጋሼ ወርቅነህም ከእሷ ቀድመዋል። ሳሮን ለሦስታችን፣ ለእኔ፣ ለራሷና ለመስፍን፣ ለቅዳሜ ቀን ቲኬት ቡክ አደረገች። መስፍን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። የአሁኑ ቀሚስ የእናቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢጫ መሆኑንም እንጃ። ዘርፍ ያለው ቀሚስ መድረክ ላይ ሲዞር ማየት ብቻ ነው የፈለግሁት።

ደግሞም ዘመኑ ተለውጧል ብዬ ነበር። ያኔ ስልክ ስላልነበረን ሰው ሲመጣ መጣ ነው። ዛሬ ማንም ሳይደውል አይመጣም፤ ልጆቼ እንኳ ቤት ነሽ ወይ ብለው መልእክት ይልካሉ። አንዳንዱ ይህን ብቸኝነት ይለዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቤቴ ያለውን ያንን ሣጥን እያየሁ፣ ደግ ነገር ነው እል ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። መስፍን ቆቡን አድርጎ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ሳሮን መስታወቱ ፊት ሆና ስልኳ ላይ ባቡሩን ቼክ ታደርጋለች፤ እኔ ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አስራለሁ። የበሩ ደወል ተደወለ። በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ወይዘሮ ብርሃኔ፣ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሳይደውሉም አልመጡም። ጠዋት ደውለው ኖሯል፤ ስልኩን አንሥቶ ይምጡ ያላቸው መስፍን ነው።

«ልትወጡ ነበር እንዴ?» አሉ።

«ኧረ የትም አንሄድም» አለ መስፍን፣ ቆቡን እንዳደረገ። «ብርድ ነው፤ ይግቡ።»

ሳሮን ከመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ጫማዬን አስሬ ጨርሼ ተነሣሁ። ወይዘሮ ብርሃኔን ጉንጫቸውን ስሜ፣ ዳቦውን ከእጃቸው ተቀብዬ ለመስፍን አስታቀፍኩት። ቦርሳዬን አንሥቼ፣ የኮቴን የመጨረሻ ቁልፍ ቆልፌ፣ በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ።